ወደ ኮንየርስ የተላኩ ሽማግሌዎች

እናቴ ለወንድሟ ሽማግሌ የላከችው ባለትዳር ሴት ቤት ነው። ታሪኩን ለጓደኞቼ ስነግር ሁልጊዜ በዚህ እጀምራለሁ፤ ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቅና ወሬ እቀይራለሁ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሎረንስቪል በምትባል የአሜሪካ ከተማ፣ ሣሩ በጊዜ ካልታጨደ ማስጠንቀቂያ በሚላክበት ሰፈር፣ እኔና እናቴ ብቻችንን እንኖር ነበር። አባቴ ዴንቨር ሄዶ ሌላ ትዳር ከያዘ ቆይቷል። እናቴ መዓዛ የምትሠራው በአረጋውያን መጦሪያ ነው። በዚህ አገር ከእኔ ሌላ የሥጋ ዘመዴ የምትለው ሰው አጎቴ ግሩም ብቻ ነበር። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና የወተት ጥርሱን አልነቀለም፤ አዝላ ያሳደገችው እሷ፣ አሜሪካ ያስመጣችውም እሷ ናት። "ወንድሜ አይደለም፣ የመጀመሪያ ልጄ ነው" ትል ነበር። እኔ ሁለተኛ መሆኔን የተማርኩት በዚያ ነው።

ግሩም ወደ አርባ እየተጠጋ ነበር፤ አላገባም። ይህ ለእናቴ የእግር እሳት ሆኖባት ነበር። ቤተ ክርስቲያን ያየቻትን ቆንጆ ሁሉ ትመኝለታለች፤ እሱም "እሺ እትዬ" ይላል፤ እሺታው ግን ከአፉ አልፎ አያውቅም። የሚኖረው ቡፎርድ ሃይዌይ አጠገብ፣ አሸብር ከሚባል ደባሉ ጋር ነው። ሁለት ወንደላጤ አንድ አፓርታማ ተከራይቶ ቢኖር ማንንም አይገርምም፤ ከእኛ ሰው ግማሹ ኑሮውን የጀመረው እንዲያ ነው። እኔን ያስጨንቀኝ የነበረው ሌላ ነገር ነው። ከሁለቱ መኝታ ክፍሎች በአንደኛው አልጋ ላይ ሁልጊዜ ያልታጠፈ ልብስ ተቆልሎ ስለማይ፣ አሸብር የት እንደሚተኛ ሊገባኝ አልቻለም። ሶፋው ላይ መሆን አለበት ብዬ ደመደምኩ፤ አንጀቴን በላው። አንድ ቀን ከአልጋዬ ትራሶች አንዱን ይዤለት ሄድኩ። አመሰገነኝና ጉንጬን ሳመኝ። ግሩም ተነስቶ ወደ ኩሽና ገባ።

አሸብርን እወደው ነበር። ከኤርፖርት ሰው የሚያመላልስ ቫን ይነዳል፤ ብስክሌት ያስተማረኝ እሱ ነው። ብዙ አያወራም፤ ያወራ እንደሆነ ግን ሳይስቅ ያስቃል።

የዚያን ዓመት የገና ዕለት ሁለቱም ቤታችን መጥተው ምግቡን ሳይነኩት ዋሉ። ግሩም የጠፋ ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጦ ተቀመጠ። እናቴ ከሥራ ያባረሩት መስሏት በሹክሹክታ ስትጠይቀው አይደለም አላት። እኔ በሶፋው ጉዳይ የተጣሉ መሰለኝ። አሁን የማውቀው ሌላ ነው፤ ያን ሳምንት ክሊኒኩ ደውሎላቸው ነበር። ከማያውቋት ሴት እንቁላልና ከሁለታቸው ከአንዳቸው ዘር የተፈጠረው ጽንስ፣ ኮንየርስ በምትኖር በሌላ ሴት ማህፀን ውስጥ ተቀምጦ፣ ሳይዝ ቀርቷል። እነሱ ለቅሶ ላይ ነበሩ፤ እናቴ ጨምሩ፣ ብሉ እያለች ትለምናለች።

ሁለተኛው ያዘ። በጋው ሲያልቅ ሔለን የምትባል የእናቴ ጓደኛ ደወለች። ስልኩ በስፒከር ስለነበር እኔም ሰማሁ። ሔለን ግሩምን የሕፃናት ዕቃ መደብር ውስጥ አይታዋለች፤ ጋሪ የሚገፋው እሱ፣ ከጎኑ ያለችው ሆዷ የገፋ ጥቁር አሜሪካዊት። እናቴ መጀመሪያ ተቆጣች። በድብቅ ማስወለድ የባለጌ ሥራ ነው አለች። ከዚያ ዕቃ ማጠብ ጀመረች፤ ጥቂት ቆይታ ስታንጎራጉር ሰማኋት። እናቴ አታንጎራጉርም ነበር።

ግሩም በማግስቱ ተጠርቶ መጣ። አሸብር ውጪ መኪናው ውስጥ ቀረ፤ በመስኮት እጄን ባውለበልብለት አላየኝም። እናቴ አጎቴን ኩሽና ውስጥ ፊት ለፊቷ አስቀምጣ የሰማችውን ነገረችው። ግሩም እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ያያቸዋል።

"ልጅ እየመጣ ነው እትዬ" አለ በመጨረሻ። "ኖቬምበር ላይ።"

ሌላም ሊናገር አፉን ከፍቶ ነበር፤ አይቼዋለሁ። እናቴ ግን አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ማልቀስ ጀመረች፤ ያ የተከፈተ አፍ ትከሻዋ ላይ ተዘጋ። ካደግኩ በኋላ እንደነገረኝ፣ ከቤቱ እስከ ቤታችን መኪና ውስጥ ከአሸብር ጋር እየደጋገሙ ሲለማመዱት ነበር የመጡት። ንግግሩ ሁለት ክፍል ነበረው፤ የወጣው አንደኛው ብቻ ነው። እናቴ የሴትዮዋን ስም ጠየቀች፤ ዴኒዝ ናት አላት። የት ትኖራለች ስትለው ኮንየርስ አለ። አገሯ ይሁን ሃይማኖቷ ምንም አላለችም፤ ያን ቀን እባብ አገባለሁ ቢላት ትመርቀው ነበር።

ሲሄድ እናቴ አሰበችበት። ዓይን አፋር ስለሆነ ነው እንጂ ማግባት ይፈልጋል፤ አባት የለው፣ ማን ይጠይቅለት? ልጁ ሳይወለድ ነገሩ በወግ ይሁን አለች። እናም ለግሩም ሳትነግረው፣ ደስታውን ልታበዛለት ፈልጋ፣ ሽማግሌ መረጠች። አንዱ ጋሼ ሳህሌ ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ቃላቸው የማይታለፍ፣ በበጋም ኮት የሚለብሱ ሰው። ሁለተኛው ጋሼ ተስፋጽዮን፣ ዕድሜያቸውን ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ። ሦስተኛው ከሙሽራው ወገን፣ ልቡን የሚያውቅ ጓደኛ ይሁን ተባለ፤ ቤቱንም የሚያሳይ ሰው ያስፈልጋል። እንግዲህ ከአሸብር የተሻለ ማን አለ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቫንህን ይዘህ ና አለችው። ዕቃ የምታስጭነው መስሎት በቲሸርት መጣ። ሽማግሌዎቹ ሳሎን ውስጥ ለባብሰው ተቀምጠዋል። እናቴ ነገሩን ስትነግረው ፊቱ ላይ ምንም አልታየም። ቤቱን ታውቀዋለህ አይደል ስትለው፣ አውቀዋለሁ አለ። ወዲያው በጓሮ በር ወጥቶ ደወለ፣ ደግሞ ደወለ። ግሩም የሚሠራበት መጋዘን ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ስልኩ ሎከር ውስጥ ተቆልፎ ይጮኻል። እናቴ የአባቴን አሮጌ ጃኬት አምጥታ አሸብርን አለበሰችው። እጅጌው አጠረው።

እምቢ ሊል ይችል ነበር ትሉ ይሆናል። እኔም ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ጠይቄዋለሁ። "ምን ብዬ?" አለኝ።

በደንቡ ሴት ከሽማግሌ ጋር አትሄድም። እናቴ ግን ቤት ተቀምጦ መጠበቁ አላስቻላትም፤ መኪና ውስጥ እቆያለሁ ብላ ኋላ ወንበር ላይ ገባች፤ እኔንም ይዛኝ። ጋሼ ሳህሌ ከፊት ተቀምጠው መግቢያ የሚሆናቸውን ንግግር ለራሳቸው ይላሉ። አሸብር መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ በቀኙ መስመር ይነዳል፤ ጭነት መኪና ሳይቀር ይቀድመናል። ከአውራ ጎዳናው ወደ ኮንየርስ የሚያስወጣው ኤግዚት ላይ ስንደርስ ሳይወጣ አለፈው። ጋሼ ተስፋጽዮን፣ የድሮ ታክሲ ነጂ፣ ከኋላ አንገታቸውን አስግገው አዩት።

እኔ አሸብር ለምን እንዳዘነ አውቄ ነበር። ግሩም ሲያገባ እሱ ሊባረር ነው። ሶፋውም ሊቀርበት ነው። ስለዚህ ከወንበሬ ወደ ፊት ተጠግቼ "አሹ፣ ቤዝመንታችን ውስጥ መኖር ትችላለህ፤ ባዶ ነው" አልኩት። እናቴ ሳቀች፤ እውነቷን ነው፣ ለአንተ ደግሞ በቅርቡ እንፈልግልሃለን አለችው። አሸብር በመስታወቱ አየኝ። "አመሰግናለሁ ሶስና" አለ። ድምፁ እንደወትሮው ነበር።

ቤቱ ቀይ ሸክላ ነው፤ በሩ ላይ የቅርጫት ኳስ መረብ፣ ሣሩ ላይ የወደቁ የልጆች ብስክሌቶች። አሸብር ፓርክ አደረገና ሞተሩን ሳያጠፋ ቁጭ አለ። እንውረድ እንጂ አሉት ጋሼ ሳህሌ። ሦስቱ ተሰልፈው ሄዱ። በሩን የከፈተው ግዙፍ ሰው አሸብርን ሲያይ አቅፎ ከመሬት አነሳው። እናቴ በመስኮት እያየች የዴኒዝ ወንድም መሆን አለበት አለች፤ እንዴት ያለ ደግ ቤተሰብ ነው አለች። ሬይ ይባላል፣ የዴኒዝ ባል። አሸብርን ያቀፈው አባት ሊሆን የደረሰ ወዳጁን ስላየ ነው።

በሩ ተዘጋ። እናቴ መረጋጋት አቅቷት ወጉን ታስረዳኝ ጀመር። ሽማግሌ ቁጭ በሉ ቢባል አይቀመጥም። ውሃ ቢሰጡትም አይቀምስም። ቆሞ ይጠይቃል፣ ቆሞ ይጠብቃል።

"እሺ ሲባል ነው የሚቀመጠው" አለችኝ። "ከተቀመጡ አለቀ ማለት ነው፤ ልጅቷ ተሰጠች ማለት ነው።"

ጥቂት ቆይታ ሽንትሽ አልመጣም ወይ አለችኝ። አልመጣም አልኳት። መጥቷል፣ ሂጂና አስፈቅደሽ ግቢ፣ ቀስ ብለሽ እያየሽ ተመለሽ አለችኝ። እናቴ እንዲህ ያለ ብልሃት አታጣም ነበር።

ሬይ ከፈተልኝ። ቤቱ የታጠበ ልብስ ይሸታል፤ ቴሌቪዥኑ ድምፁ ተዘግቶ እግር ኳስ ያሳያል፤ ኮንየርስ የሚታየው የአሜሪካኖቹ ነው። ሦስቱ ሳሎኑ መሃል ቆመዋል። ጠረጴዛው ላይ ማንም ያልነካው ሎሚናት አለ። ዴኒዝ ሶፋው ጫፍ ላይ ናት፤ ቢጫ ቀሚስ ለብሳለች፤ እግሯ ስላበጠ የወንድ ነጠላ ጫማ አድርጋለች። ሽንት ቤቱ በዚያ ነው ብላ ጠቆመችኝ። ኮሪደሩ ውስጥ ገብቼ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ።

ጋሼ ሳህሌ በእንግሊዝኛ ይናገራሉ፤ ቀስ እያሉ፣ እያንዳንዱን ቃል እንደ ዕቃ እያስቀመጡ። እኛ ሩቅ አገር ሰዎች ነን፣ ልጃችን መልካም ልጅ ነው፣ ይህችን እህታችሁን ለትዳር ልንጠይቅ መጥተናል አሉ። ሬይ ፈገግ አለ፤ ቀጥሎ ፈገግታው ጠፋ። ሚስቴ ናት አለ በእርጋታ። ጋሼ ሳህሌ እንግሊዝኛቸው የተበላሸ መስሏቸው ከመጀመሪያው ጀመሩት። ሩቅ አገር ሰዎች ነን። ዴኒዝ አሸብርን አየችው።

"አልነገራችኋቸውም?" አለችው።

አሸብር የአባቴን ጃኬት አወለቀና ክንዱ ላይ አደረገው። በአማርኛ ነው የተናገረው፤ ጋሼ ሳህሌን ሳይሆን ምንጣፉን እያየ።

"ጋሼ፣ ሰውየው ባሏ ነው። እሷ የግሩም እጮኛ አይደለችም፤ እንግሊዝኛዎም አልተሳሳተም። የያዘችው ልጅ የእኔና የግሩም ነው። ሐኪም ነው ማህፀኗ ውስጥ ያኖረው፤ ወልዳ ለእኛ ትሰጠናለች፤ የተስማማነው እንደዚያ ነው። እኔና ግሩም ደባል አይደለንም። ሆነንም አናውቅም።"

ቃሉን ሁሉ ሰማሁ፤ ሁሉም የማውቀው ቃል ነው። የገባኝም ይህ ነው፦ ዴኒዝ ልጅ ትሰጣቸዋለች፤ ግሩም አያገባም፤ አሸብርን ማንም አያስወጣውም። ደስ አለኝ። ከዚህ የሚበልጥ መልካም ዜና ሊኖር አይችልም ነበር።

ጋሼ ሳህሌ አልተንቀሳቀሱም። ጋሼ ተስፋጽዮን ግን በእጃቸው ከኋላቸው ወንበር ፈለጉ፤ አገኙና ተቀመጡ።

ተቀመጡ። እኔ በሩን ከፍቼ ሣሩን አቋርጬ ሮጥኩ። የቫኑ መስኮት ክፍት ነበር። "እማ፣ ተቀመጡ!" አልኩ።

እናቴ ወረደች። ነጠላዋን አስተካከለች፤ ፊቷን ወደ ቤቱ አዞረች፤ እዚያው መንገዱ ዳር እልል አለች። ሳንባዋ እስኪነጥፍ አለች፤ ትንፋሽ ወስዳ ደግሞ አለች። ማዶ መኪናውን የሚያጥብ ሰው ቱቦውን ለቀቀ። አንዲት ሴትዮ በረንዳዋ ላይ ወጥታ ደህና ናችሁ ወይ ብላ ጠየቀች። እናቴ እያለቀሰች በእንግሊዝኛ ወንድሜ ልጅ ሊወልድ ነው አለቻት፤ ሴትዮዋም አጨበጨበችላት።

ጋሼ ተስፋጽዮን የተቀመጡት እሺ ስለተባሉ አልነበረም።

ሰዎቹ ሲወጡ እናቴ ቀኑ መቼ ሆነ እያለች ተቀበለቻቸው። ጋሼ ሳህሌ ቫኑ አጠገብ ሲደርሱ ቆሙና ስልካቸውን አወጡ፤ ልጄ መጥቶ ይወስደኛል አሉ። ልጃቸው ከሊልበርን ኮንየርስ እስኪደርስ እዚያ አስፋልት ላይ ቆመው ሊጠብቁ ነው። እናቴ ምን አስቀየምናቸው፣ የነገርሽኝ ሎሚናት ነው ወይ ትለኛለች። ጋሼ ተስፋጽዮን ከአሸብር ጎን ገቡ። ረጅም መንገድ ከሄድን በኋላ "ቀስ ብለህ ንዳ ልጄ" አሉት። አሸብር የሚነዳው በቀስታ ነበር። እናቴ ጥያቄዋን ስታበዛበት ደግሞ ግሩም ይንገርሽ፣ መናገሩ የእሱ ነው አላት። ከዚያ በኋላ እሷም አልጠየቀችም።

ግሩም የሥራ ልብሱን እንደለበሰ መጣ። የቀረውን ክፍል በራችን ላይ ቆሞ ነገራት። እኔ ደረጃው ላይ ነበርኩ። ታለቅሳለች፣ ትጮኻለች ብዬ ጠበቅኩ። አላደረገችም። ፊቷ ላይ የነበረው ሁሉ እየተነነ ሄዶ የእንግዳ ሰው ፊት ብቻ ቀረ።

"እልል አስባላችሁኝ" አለች። "መንገድ ላይ፣ በሰው አገር።"

በሩን በቀስታ ዘጋችው። ኃጢአት ነው አላለችም፣ ነውር ነው አላለችም፤ እስከ ዛሬም ብላ አልሰማኋትም። ብትሰድበው ኖሮ አንድ ቀን ይቅር በለኝ ትለው ነበር። ያን እልልታ ግን ማንን ይቅርታ ትጠይቅበታለች፤ ማንስ ይመልስላታል።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ውስጥ ምንም አልሆነም። እናቴ ሥራ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ ትቀቅላለች፣ እንበላለን። የግሩም ስም አይነሳም። ጋሼ ሳህሌ ለማንም ባይናገሩም ቤተ ክርስቲያን ሲያዩን ሰላምታቸው አጭር ሆነ። እኔም ምንም አልተሰማኝም፤ ተቀምጠውበት እንደ ደነዘዘ እግር ነው የሆነብኝ፤ መርገጤን በዓይኔ እያየሁ እሄድ ነበር። ግሩምን አልናፈቅኩም። አሸብርን አልናፈቅኩም። ብስክሌቱ ጋራዥ ውስጥ አጠረኝ።

ኖቬምበር ላይ ፎቶ ተላከ። ገበያ አዳራሽ ውስጥ ሰልፍ ይዘን ነበር። እናቴ ስልኩን ከፍታ አየችው፤ ፊቱ የተጨማደደ፣ ኮፍያ ያጠለቀ ሕፃን። አየችው፣ አየችው። ገንዘብ ተቀባይዋ ቀጣይ ስትል ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ሽንኩርቱን ጠረጴዛው ላይ መደርደር ጀመረች።

መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ጀምሮ እነሱ ዘንድ እሄዳለሁ። እናቴ ታውቃለች። ወዴት ነሽ ብላ አትጠይቀኝም፤ ስመለስም የት ነበርሽ አትለኝም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ሰሃን እያጠበች፣ ልጅቷ እሱን ነው ወይስ ያንን ነው የምትመስለው አለችኝ። ግሩምን ነው የምትመስለው ስላት ውሃውን ከፈተችው። ከማን ዘር እንደሆነች ሁለቱ ለማንም አልነገሩም፤ እኔም አላውቅም። ያየሁትን ነው የነገርኳት።

ልጅቷ ርብቃ ትባላለች። አሁን አሥራ ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች፤ ሁሉን ነገር የምትጠይቅበት ዕድሜ ነው። ያለፈው ቅዳሜ አራታችን ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ የቬትናሞች ሾርባ ቤት ተቀምጠን ነበር። ርብቃ ዴኒዝ ለልደቷ የላከችላትን ሹራብ ለብሳለች። ጥያቄው ከየት እንደመጣባት አላውቅም፤ ኑድሏን በሹካ እየጠቀለለች ቀና አለች።

"ሶስና፣ እናትሽ ስለ እኔ ስትሰማ ምን አለች? ላይክ፣ ፈርስት ታይም ስትሰማ።"

ግሩም ማንኪያውን አስቀመጠ። ለዚህ ቀን ብዙ መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ እናቴ ሥራ ይበዛባታል፣ እናቴ የድሮ ሰው ናት፣ ትልቅ ስትሆኚ ይገባሻል። አንዱም አፌ ላይ አልመጣም።

"እልል አለች" አልኳት።

"ሰርግ ላይ የሚሉት?"

"አዎ። ኮንየርስ፣ ከመኪና ወርዳ፣ መንገድ ላይ። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ አያት። አንዷ እንዲያውም አጨበጨበችላት።"

ርብቃ አላመነችኝም። እያሾፍኩባት እንደሆነ ለማየት ወደ አሸብር ዞረች። አሸብር አፉን በወረቀት ጠረገ፤ ወረቀቱን አጠፈው።

"እውነቷን ነው" አላት። "እኔ ቤት ውስጥ ነበርኩ፤ ስለ አንቺ መናገሬ ነበር። አፌን ገና ሳልዘጋ ነው የሰማኋት።"

"ደስ ብሏት ነበር ማለት ነው" አለች ርብቃ።

"ደስ ብሏት ነበር" አልኩ።

አልዋሸኋትም። እናቴን ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።